ስድስቱ ቀናት፦ ሴት የምትፀንስበት ጊዜ እንዴት ታወቀ?

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ሶራኖስ የሚባል የኤፌሶን ተወላጅ ሐኪም ይሠራ ነበር። ስለ ሴቶች ሕመምና ስለ ወሊድ የጻፈው መጽሐፍ በላቲን እየተተረጎመና እየተቀዳ ለብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓ ሐኪሞችና አዋላጆች መመሪያ ሆኖ ኖሯል። መጽሐፉ ዛሬም በየቤቱ የሚጠየቅ ጥያቄ ያነሣል፦ ልጅ የሚፈልጉ ባልና ሚስት መቼ ቢገናኙ ይሻላቸዋል? የሶራኖስ መልስ የወር አበባው ሊያበቃ ሲል ወይም እንዳበቃ የሚል ነው። ምክንያትም አለው። ከወር አበባ በፊት ማኅፀን በደም ይከብዳል፤ ያለበትን ለማውጣት እንጂ አዲስ ነገር ለመቀበል አይመቸውም፤ ደሙ ወጥቶ ሲቀለው ግን ዘሩን ይይዛል።

መልሱ ስሕተት ነበር። ከወር አበባ ማግስት ያሉት ሁለት ሦስት ቀናት ለአብዛኞቹ ሴቶች እንቁላል ገና ያልደረሰባቸው ቀናት ናቸው። ሶራኖስን ግን ልወቅሰው አልችልም፤ በእሱ ዘመን የሰውን እንቁላል በዓይኑ ያየ አልነበረም። የሚታየው ደም ብቻ ስለሆነ ሁሉም የሚቆጥረው ከደሙ ተነሥቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የማይታየውን ቀን ለማግኘት የተደረገ የ1,800 ዓመት ፍለጋ ነው። በፍለጋው ስማቸው የገነነው ምሁራኑ ናቸው። እኔ ግን በየማለዳው ሙቀታቸውን ለለኩት፣ ሽንታቸውን በብልቃጥ ላስቀመጡት፣ ከባላቸው ጋር የተኙበትን ሌሊት በወረቀት ላሰፈሩት ሴቶች ይበልጥ ባለዕዳ ነን እላለሁ።

ከሐኪሞቹም አስቀድሞ ቀን የቆጠረ ሃይማኖት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 ደም ያየች ሴት ሰባት ቀን ተለይታ እንድትቆይ ያዝዛል። የአይሁድ ረቢዎች በኋላ ዘመን ሕጉን አጠበቁት፤ ደሙ ካቆመ በኋላ ሌላ ሰባት ንጹሕ ቀን ይቆጠራል፤ ሴቷም ሚቅቬ በሚባለው መታጠቢያ ውኃ ገብታ ከወጣች በኋላ ነው ወደ ባሏ የምትመለሰው። ሲደመር ብዙውን ጊዜ አሥራ ሁለት ቀን ገደማ ይሆናል። በጎንደርና በዙሪያው የኖሩት ቤተ እስራኤል ግን የረቢዎቹ ሕግ አልደረሳቸውም፤ ኦሪቱን እንደተጻፈ ያዙት። ሴቷ ወሯ ሲመጣ ከመንደሩ ወጣ ብላ ወደተሠራችው የደም ጎጆ ትገባለች። ጎጆዋ ዙሪያዋ በድንጋይ ተከልሏል፤ ምግብ የሚያመጣላት ሰው ከድንጋዩ ወዲህ ቆሞ ያቀብላታል፤ ሰባቱ ቀን ሲሞላ ወንዝ ወርዳ ገላዋንና ልብሷን አጥባ ማታ ወደ ቤቷ ትገባለች።

የሁለቱም ሥርዓት ዓላማ ንጽሕና ነው፤ ከእንቁላል ጋር የተያያዘ ሐሳብ የለበትም። ሆኖም ወሯ በ28 ቀን ለሚመላለስ ሴት የሚቅቬው ማታ ከምትፀንስባቸው ቀናት መካከል ላይ ይውላል፤ ከደም ጎጆ የተመለሰችዋም ቀኖቹ ሳይጀምሩ ቤቷ ደርሳለች። የሚቸገሩት ወራቸው አጭር የሆነ ሴቶች ናቸው። በእስራኤል ሃይማኖቱን የሚያጠብቁ አንዳንድ ሴቶች እንቁላላቸው ከሚቅቬው ማታ በፊት ወጥቶ ስለሚያልፍ ምንም ሕመም ሳይኖርባቸው ሳይፀንሱ ይቆያሉ፤ ለእነዚህ ሴቶች ሐኪሞች እንቁላሉን ጥቂት ቀን የሚያዘገይ ሆርሞን ይሰጧቸዋል። በዘመቻ ሙሴና በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል የገቡት የእኛ አገር ሴቶችም ሰባቱን ቀን በአሥራ ሁለት እንዲለውጡ የተነገራቸው እዚያ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እዚህ ያስቀመጥኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የማይታየውን ለማየት የመጀመሪያውን ትልቅ እርምጃ የወሰደው በሆላንድ የዴልፍት ከተማ ሐኪም ሬኜ ደ ግራፍ ነው። በ1672 ባሳተመው መጽሐፍ የሴት ልጅ ኦቫሪ እንቁላል የሚወጣበት አካል መሆኑን አስረዳ። ማስረጃውን ያገኘው ከጥንቸሎች ነው፤ ከተጠቁ በኋላ በተለያየ ሰዓትና ቀን እየከፈተ ተመለከታቸው፤ ኦቫሪ ላይ የፈነዱትን ከረጢቶች ቁጥር ማኅፀን ውስጥ ከተገኙት ፅንሶች ጋር አስተያየ። ነገር ግን እንቁላሉን ራሱን አላየውም፤ እንቁላል ብሎ የጠራው ውኃ የቋጠረውን ከረጢት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ32 ዓመቱ ሞተ። ጥንቸል ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ክፉ አስተማሪ ናት፤ እንቁላሏ የሚወጣው ወንዱ ሲያገኛት ነው። ሴት ልጅ እንደዚያ አይደለችም፤ ባል ኖረም አልኖረ እንቁላሏ ጊዜውን ጠብቆ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ 155 ዓመት አለፈ። በ1827 በኬኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ካርል ኤርንስት ፎን ቤር የሚባል ምሁር ከውሻ ፅንስ ወደ ኋላ እየተጓዘ መነሻውን ይፈልግ ነበር። ለመጨረሻው ምርመራ በቅርቡ የተጠቃች ውሻ ያስፈልገው ነበርና ባልደረባው ፕሮፌሰር ቡርዳክ የቤቱን ውሻ ሰጠው። ፎን ቤር ኦቫሪዋን ሲመረምር በአንዱ ከረጢት ውስጥ ቢጫ ነጥብ በባዶ ዓይኑ አየ። ከሌሎቹ ከረጢቶችም በብዙዎቹ ውስጥ ያው ነጥብ አለ። አንዱን በቢላዋ ከፍቶ ነጥቡን በውኃ ውስጥ አድርጎ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባው። ያየው ነገር መብረቅ እንደመታው ሰው ወደ ኋላ እንዳስፈነጠረው በኋላ ራሱ ጽፏል፤ ሌላ ሰው ሕልም ነው እንዳይለው ፈርቶ እንደገና ለማየት ድፍረት መሰብሰብ ነበረበት። የአጥቢ እንስሳት ሁሉ፣ የሰውም ጭምር፣ መነሻ የሆነውን እንቁላል ነበር ያየው። የሰው እንቁላል ስፋት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው።

እንቁላሉ ተገኘ፤ ቀኑ ግን ገና ነው። ከዚህ በኋላ የተደረገው ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ያስቆጨኛል። በ1840ዎቹ የሩዋኑ ፈረንሳዊ ፌሊክስ ፑሼና የጀርመኑ ቴዎዶር ቢሾፍ እንቁላል ያለ ወንድ ርዳታ በራሱ ጊዜ እንደሚወጣ አረጋገጡ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። መቼ ለሚለው ግን መልሱን ከውሻ ተዋሱ። ሴት ውሻ የምትጠቃበት ወቅት ሲቃረብ ደም ታያለች፤ ስለዚህ የሴት ልጅም የወር አበባ ከዚሁ ጋር አንድ ነው፣ እንቁላሏም የሚወጣው በወር አበባዋ አካባቢ ነው ብለው ደመደሙ። ሶራኖስ በግምት የተናገረው አሁን በሳይንስ ማኅተም ተመልሶ መጣ። ልጅ የሚፈልጉ ከወር አበባ ማግስት እንዲገናኙ ተመከሩ። መውለድ የማይፈልጉት ደግሞ የወሩ አጋማሽ ከእርግዝና ነፃ የሆነ ጊዜ ነው ተባሉ። ሁለቱም ምክር ተገልብጧል። ልጅ አጥታ በየወሩ የምታለቅሰውም፣ ስምንተኛ ልጇን የፈራችውም ከሐኪም ያገኙት የተሳሳተ ቀን ነው፤ ይህም ለሰማንያ ዓመት ያህል ዘልቋል። ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ሴቶቹን ራሳቸውን በሥርዓት የጠየቀ እምብዛም አልነበረም።

የጠየቀች አንዲት ሴት ግን ነበረች። በ1873 ኤድዋርድ ክላርክ የተባለ የሃርቫርድ ሐኪም ሴት ልጅ በወር አበባዋ ሰሞን አእምሮዋን ካስጨነቀች ጤናዋ ይቃወሳል፣ ስለዚህ ከፍተኛ ትምህርት አይስማማትም የሚል መጽሐፍ አወጣ። የኒውዮርኳ ሐኪም ሜሪ ፑትናም ጃኮቢ መልስ ጻፈች። በንግግር አልተከራከረችም፤ መጠይቅ በትና ከ268 ሴቶች መልስ ሰበሰበች፤ በጥቂቶቹም ላይ የልብ ምትን፣ የጡንቻ ጉልበትንና የሰውነትን ሙቀት ከቀን ወደ ቀን ለካች። ጽሑፏ በ1876 የሃርቫርድን የቦይልስተን ሽልማት አገኘ፤ ለሽልማቱ የሚቀርብ ጽሑፍ ያለ ስም ስለነበር ዳኞቹ የሴት ሥራ መሆኑን ሳያውቁ ነው የፈረዱት። በሰንጠረዦቿ መካከል ለጊዜው ማንም ያላስተዋለው ነገር ተቀምጧል፦ የሴት ሙቀት ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ከፍ ይላል፣ ደሙ ሲመጣ ይወርዳል።

በ1904 የሆላንዱ ሐኪም ቴዎዶር ፋን ደ ቬልደ ይህን ከፍታና ዝቅታ ከኦቫሪ ሥራ ጋር አገናኘው። የሙቀቱ መሥመር በወሩ የመጀመሪያ ክፍል ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ አጋማሹ አካባቢ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይነሣና እስከሚቀጥለው ወር አበባ ከፍ እንዳለ ይቆያል። ምክንያቱ በኋላ ተገለጠ። እንቁላሉ የወጣበት ባዶ ከረጢት ወደ ቢጫ ዕጢነት ይለወጣል፤ ዕጢውም ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህ ሆርሞን ነው ሙቀቱን ከሦስት እስከ አምስት አሥረኛ ዲግሪ ሴልሽየስ ያህል ከፍ የሚያደርገው። ከአልጋ ሳይነሡ፣ ሳይነጋገሩ፣ ውኃም ሳይጠጡ በየማለዳው የሚለካው ሙቀት የመነጨው ከዚህ ነው። ቴርሞሜትሩ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ የሚናገረው እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ነው። ሙቀቱ እስኪነሣ የጠበቁ ባልና ሚስት ዘግይተዋል።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከጃፓን ነው። ክዩሳኩ ኦጊኖ በ1882 ተወለደ፤ ቶክዮ ተምሮ በኒጋታ ከተማ ታኬያማ ሆስፒታል የማኅፀን ሐኪም ሆነ። ለሌላ ሕመም ሆዳቸው በቀዶ ሕክምና የሚከፈት ሴቶች ሲመጡ ኦቫሪያቸውን በዓይኑ ያይ ነበር፤ ከረጢቱ ገና አልፈነዳም ወይስ ፈንድቷል፣ ቢጫው ዕጢ አዲስ ነው ወይስ ያረጀ የሚለውን ይመዘግባል። ሴቶቹንም ያለፈው ወር አበባቸው መቼ እንደነበር ይጠይቃል፤ የሚቀጥለው መቼ እንደመጣም ይከታተላል። ከእሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ካለፈው ወር አበባ ወደ ፊት ስለቆጠሩ ቁጥራቸው ከሴት ሴት እየተለያየ እርስ በርሱ ይምታታ ነበር። ኦጊኖ ከሚመጣው ወር አበባ ወደ ኋላ ቆጠረ። ያን ጊዜ ነገሩ መልክ ያዘ፤ እንቁላሉ የሚወጣው ከሚቀጥለው ወር አበባ በፊት ባሉት ከ12ኛው እስከ 16ኛው ቀናት ውስጥ ነው። ግኝቱን በ1924 በጃፓንኛ አሳተመ።

የዚህ አቆጣጠር ጥቅም የሚታየው ወሯ በ28 ቀን የማይመላለስ ሴት ላይ ነው። በ26 ቀን ለሚመጣባት እንቁላሉ በ12ኛው ቀን አካባቢ ይጠበቃል፤ በ35 ቀን ለሚመጣባት ደግሞ በ21ኛው ቀን አካባቢ። ሁለቱንም ሴቶች በ14ኛው ቀን ሞክሩ ብሎ የሚያሰናብት ሰው አንዷን ዘግይቶ፣ ሌላዋን ቸኩሎ ይልካቸዋል። የሚለዋወጠው እንቁላሉ እስኪደርስ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ጭንቀት፣ ሕመም፣ የክብደት መቀነስ ወይም መጨመር የሚያዘገየው እሱን ነው። ከእንቁላሉ መውጣት እስከ ደሙ መምጣት ያለው ግን ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ ያን ያህል አይራራቅም።

ኦጊኖ ሥራውን በ1930 በጀርመንኛ ሲያሳትም ኦስትሪያዊው ሄርማን ክናውስ በግራትስ ከተማ በሌላ መንገድ ተጉዞ ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደርሶ ነበር። የጥንቸል ማኅፀን ጡንቻ ቢጫው ዕጢ ሥራ ከጀመረ በኋላ ለአንድ መድኃኒት ምላሽ መስጠት እንደሚያቆም አይቶ ይህንኑ በሴቶች ላይ ሞከረ፤ በ1929 ላይፕዚግ ላይ በተደረገ የሐኪሞች ጉባኤም አስታወቀ። ቀኑ ስንት ነው በሚለው ዝርዝር ሁለቱ አልተስማሙም፤ ዓለም ግን ስማቸውን አጣምሮ የኦጊኖ ክናውስ ዘዴ አለው። ወዲያውም ከታሰበበት በተቃራኒው መንገድ ሄደ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አማኞች እርግዝናን ለማራራቅ ተቀበሉት፤ በ1932 የቺካጎው ሐኪም ሊዮ ላትስ ያሳተመው መጽሐፍ በአሜሪካ አዳረሰው። በእኛ አገር በቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት ላይ የቀን መቁጠር ዘዴ የሚባለውም ይኸው ነው። ኦጊኖ ግን አልወደደውም። የጀመረው መውለድ የሚሹ ሴቶችን ለመርዳት ነበር፤ ለመከላከያነት አስተማማኝ አይደለም እያለ በ1975 እስኪሞት ድረስ ተከራክሯል። ተከታዩ ዘመን እውነቱን መሰከረለት።

በ1938 ቦስተን አጠገብ በብሩክላይን ባለው የሴቶች ነፃ ሆስፒታል ጆን ሮክ የተባለ የማኅፀን ሐኪም ሚርያም ሜንኪንን ረዳት አድርጎ ቀጠራት። ሮክ ወደ እርሱ ከሚመጡት ሴቶች መካከል ማኅፀናቸው ወይም ኦቫሪያቸው በሕመም ምክንያት ሊወጣ ቀጠሮ የተያዘላቸውን ፈቃደኞች ሙቀታቸውን እየለኩ እንዲመዘግቡ ይጠይቅ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናውም እንቁላሉ ሊወጣ በሚጠበቅበት ጊዜ እንዲሆን ቀን ይቆረጥለታል። የሜንኪን ሥራ የወጣውን ኦቫሪ ተቀብላ እንቁላል መፈለግና በብርጭቆ ሳህን ውስጥ ከወንድ ዘር ጋር ማገናኘት ነው። የሳምንቷ ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ማክሰኞ እንቁላል ትፈልጋለች፣ ረቡዕ ዘሩን ትጨምራለች፣ ሐሙስ ትጸልያለች፣ ዓርብ ማይክሮስኮፑን ትመለከታለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ዓርብ ሲመጣ ምንም አልነበረም።

በ1944 የካቲት ወር ጨቅላ ልጇ ጥርስ እያበቀለች እንቅልፍ የነሣቻት ሰሞን ነበር። ደክሟት ዘሩን እንደ ልማዷ ሦስት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ አጠበችው፤ መጠኑንም አበዛችው፤ ሠላሳ ደቂቃ ታቆየው የነበረውን ደግሞ እየተመለከተች አንድ ሰዓት አለፋት። ዓርብ ዕለት ሳህኑ ውስጥ ለሁለት የተከፈለ የሰው እንቁላል አገኘች። ከሴት አካል ውጭ የተፀነሰ የመጀመሪያው የሰው እንቁላል ነው፤ በዚያው ዓመት ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ሜንኪን ለዶክትሬት የሚያስፈልገውን ትምህርትና ምርምር ጨርሳ ዲግሪውን ያላገኘች ሴት ነበረች። ሮክም በኋላ የእርግዝና መከላከያውን ክኒን ካስገኙት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ መፀነስን የሚረዳውና የሚከለክለው ዕውቀት ከአንድ ክፍል መውጣቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ቀን ነውና።

ቴርሞሜትር የሚዘገይ፣ ቀን መቁጠርም የሚሳሳት ከሆነ፣ እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት የሚናገር ምልክት ያስፈልጋል። በ1953 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ጆን ቢሊንግስ የተባለ የነርቭ ሐኪም የካቶሊክ ባለ ትዳሮችን እንዲያማክር ተጠይቆ ሥራውን ጀመረ፤ በኋላ ባለቤቱ የሕፃናት ሐኪሟ ኤቭሊን ቢሊንግስ የዘዴው ዋና አስተማሪ ሆነች። ባልና ሚስቱ ሴቶችን ምን ታያላችሁ ብለው ጠየቁ። መልሱ ተመሳሳይ ሆነ፦ ከወር አበባ በኋላ ደረቅ ቀናት አሉ፤ ከዚያ የማኅፀን በር ፈሳሽ ይጀምራል፤ በመጀመሪያ ወፍራምና ነጣ ያለ ነው፤ ቀኑ ሲቃረብ እየቀጠነ፣ እየጠራ፣ በጣት መካከል ቢስቡት ሳይበጠስ የሚለጠጥ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ክፍል ያለ ይሆናል። በዚያው ከተማ ጄምስ ብራውን የተባለ ተመራማሪ ሽንት ውስጥ ያለውን ሆርሞን እየለካ የሴቶቹን ቃል አረጋገጠ። ለወንድ ዘር ይህ ፈሳሽ መንገድም ስንቅም ነው። እሱ በሌለበት ዘሩ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ እሱ ባለበት እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። እንቁላሉ ግን ከወጣ በኋላ ዕድሜው ከአንድ ቀን አያልፍም።

የቀረው ሰዓቱን ማወቅ ነበር። ከአንጎል ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢ ኤል ኤች የተባለውን ሆርሞን በድንገት ወደ ደም ትለቃለች፤ እንቁላሉ ከዚያ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይወጣል። በእንግሊዝ ኦልድሃም ፓትሪክ ስቴፕቶ፣ ሮበርት ኤድዋርድስና ነርሷ ጂን ፐርዲ ከአካል ውጭ በተፀነሰ ፅንስ እርግዝና ለማግኘት ለዓመታት ደክመው ነበር። የማኅፀን ቱቦዋ የተዘጋው ሌስሊ ብራውን ስትመጣ እንቁላል የሚያበዛውን መድኃኒት ትተው ተፈጥሮ በየወሩ የምትሰጠውን አንዱን እንቁላል ለመያዝ ወሰኑ። ለዚህ ሰዓቱ መታወቅ አለበት፤ በሆስፒታሉ የተኙት ሴቶች ቀንም ሌሊትም በየሦስት ሰዓቱ ሽንት ይሰጣሉ፤ ሽንቱ በጃፓን በተሠራ የኤል ኤች መመርመሪያ ይፈተሻል። ሆርሞኑ መነሣት ከጀመረ በኋላ ሰዓቱ ተቆጥሮ፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ሐኪሞቹ ይነሣሉ። የሌስሊ እንቁላል በኅዳር 1977 ተወሰደ፤ ልጇ ሉዊዝ ብራውን ሐምሌ 25 ቀን 1978 ተወለደች። በ1980ዎቹ ይኸው ምርመራ በሴት እጅ ተይዞ ቤት ውስጥ የሚሠራ ወረቀት ሆነ፤ ዛሬ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ባለ ሁለት መሥመር መመርመሪያ እሱ ነው።

በ1982 አለን ዊልኮክስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና መከላከያ አቁመው ለማርገዝ የሚሞክሩ 221 ጤነኛ ሴቶችን መዘገቡ። እያንዳንዷ ሴት በየማለዳው የመጀመሪያውን ሽንት በብልቃጥ ታስቀምጣለች፣ ፍሪጅ ውስጥ ታቀዘቅዛለች፣ በዚያ ሌሊት ከባሏ ጋር ተገናኝታ ከነበረ በካርድ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ይህን እስከ ስድስት ወር ትቀጥላለች። በ1988 የወጣው የመጀመሪያ ውጤት ብዙ ሴቶችን ሊያጽናና ይገባል፤ ከጀመሩት እርግዝናዎች ውስጥ 22 በመቶው ሴቷ ማርገዟን ሳታውቅ ይጠፋል። ስለዚህ ወሯ ጥቂት ቀን ዘግይቶ የመጣባት ሴት ምንም አልሆነም ማለት አይደለም፤ ጀምሮ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ የእሷም ጥፋት አይደለም።

ዋናው መልስ በ1995 መጣ። 625 ወራት ተመርምረው 192 እርግዝናዎች ተገኙ። ሁሉም የተፀነሱት እንቁላሉ በሚወጣበት ቀን በሚያበቃ የስድስት ቀን ጊዜ ውስጥ በተደረገ ግንኙነት ነው። ከስድስቱ በመጀመሪያው ቀን የመፀነስ ዕድሉ 10 በመቶ ያህል ነው፤ በመጨረሻው 33 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ ማግስት ጀምሮ ግን ምንም የለም። በየቀኑ የሚገናኙ ጥንዶች በአንድ ወር የመፀነስ ዕድላቸው 37 በመቶ፣ አንድ ቀን እያለፉ የሚገናኙት 33 በመቶ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚገናኙት 15 በመቶ ሆኖ ተገመተ። ዘሩ እንዲጠራቀም እያሉ ሳምንት የሚታገሡ ባሎች ይህን ቁጥር ቢያዩት ይጠቅማቸዋል። በዚህኛው ቀን ወንድ በዚያኛው ሴት ይፀነሳል የሚለውም ተፈትሾ አልተገኘም።

ሁለቱ ውጤቶች በወጡበት መካከል በ1991 ሌላ ግኝት ይፋ ሆኗል። በእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የተመራውና በሰባት አገሮች የተካሄደው ጥናት ከዚህ ቀደም የጀርባ አጥንቱ ያልተዘጋ ልጅ በወለዱ ሴቶች ላይ ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚን ችግሩ የመደገሙን ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ፍሬ ነገሩ እዚህም ቀን ነው። የፅንሱ ነርቭ ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ተዘግቶ ያልቃል፤ ብዙ ሴቶች እርግዝናቸውን የሚያውቁት ከዚያ በኋላ ወይም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ለማንኛዋም መውለድ ለምታስብ ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም የሚመከረው ከመፀነሷ አስቀድሞ ነው። ይህ ችግር በብዛት በሚታይበት በእኛ አገር የፎሊክ አሲዱን ክኒን ነፍሰ ጡር ሴት ለክትትል ስትመጣ መስጠት ዘግይቶ መድረስ ነው።

በ2000 የዊልኮክስ ቡድን ያንኑ መዝገብ እንደገና ከፍቶ በየስልኩ ላይ የተጫኑትን የወር አበባ መቁጠሪያዎች ዛሬም የሚመለከት ውጤት አወጣ። የሐኪም መመሪያዎች የመፀነሻ ጊዜ ከ10ኛው እስከ 17ኛው ቀን ነው ይሉ ነበር፤ ስድስቱ ቀናት በሙሉ በዚያ ውስጥ የወደቁላቸው ሴቶች 30 በመቶ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ወራቸው አይዛነፍም የሚሉትም ሳይቀሩ ቀኑ ይሸሻቸዋል። ስልኩ የሚያሳየው አበባ የተሳለበት ቀን ያለፉት ወራት አማካይ ነው፤ የአሁኑን ወር አያውቅም። የማኅፀን በር ፈሳሽና የኤል ኤች ወረቀት ግን የሚናገሩት ስለዚህ ወር ነው።

የአሁኑ የሐኪሞች ምክር ከዚህ ሁሉ የተጠመቀ ነው፦ ወር አበባ ካበቃ በኋላ ጀምሮ በየሁለት ሦስት ቀኑ መገናኘት። ለባልና ሚስት ቀኑን ማሳደድ ጭንቀት ከሆነባቸው መቁጠሩን እርግፍ አድርገው ይተዉት፤ በዚህ አካሄድ ስድስቱ ቀናት አያመልጧቸውም። ባሏ ለሥራ ክፍለ አገር ወይም ዓረብ አገር ሄዶ በዓመት አንዴ ለሚመጣባት ሴት ግን ወረቀቱም ፈሳሹም ዋጋ አላቸው፤ የባሏ ፈቃድ ከስድስቱ ቀናት ጋር ቢገጥም የመፀነስ ዕድሏ ይጨምራል። ዕድሜም ይቆጠራል። በ2002 በአውሮፓ 782 ጥንዶችን የተከታተለ ጥናት ከ19 እስከ 26 ዓመት ያሉ ሴቶች የመፀነስ ዕድላቸው ከ35 እስከ 39 ካሉት ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል፤ ከ35 ዓመት በላይ በሆነ ወንድ ላይም ዕድሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ሚስት ከ35 ዓመት በታች ከሆነች አንድ ዓመት፣ ከ35 በላይ ከሆነች ስድስት ወር ተሞክሮ ካልሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

የሚሄዱትም ሁለቱም ናቸው። በእኛ ቤት ልጅ ሲዘገይ ጸበልም ሆስፒታልም የምትላከው ሚስት ብቻ ናት፤ ለዚህም ስንት ትዳር ዋጋ ከፍሏል። ከሚቸገሩት ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ወገን ድርሻ አለበት። የወንድ ዘር ምርመራ ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ይጠይቃል፤ ሴቷ ላይ ቱቦ የሚፈተሽበት ራጅም ሆነ ቀዶ ሕክምና ከመታዘዙ በፊት ሊያልቅ ይገባዋል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከልን የመሰሉ ቦታዎች ከአካል ውጭ እስከ ማስፀነስ (አይቪኤፍ) ድረስ ይሠራሉ፤ ብዙ ጥንድ ግን እዚያ ሳይደርስ የሚፈታ ችግር ነው ያለበት። አንድ የወንድ ዘር ከመነሻው ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ዛሬ ሲጋራ ያቆመ ባል ለውጡን በምርመራ ወረቀት ላይ የሚያየው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው።